ሽማግሌ ያጠባት ሴይቼንቶ

እኔ መኪና አቆሽሻለሁ። እንጀራዬ ነው ማለቴ አይደለም፤ ለእንጀራዬማ ስታዲየም አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ወንበር አሞቃለሁ። መኪና የማቆሽሸው ለነፍሴ ነው። ደግሞ የሰው መኪና እንዳይመስላችሁ፣ አደራ! ከስልኬ እምብዛም የማትበልጥ የፕላስቲክ የውድድር መኪና ተበታትና በካርቶን ትመጣልኛለች። በወረንጦ፣ በሙጫና በእግዚአብሔር እርዳታ እገጣጥማታለሁ፤ ቀለም ቀብቼ እስክታብረቀርቅ አሳምራታለሁ። ከዚያ ቁጭ ብዬ አበላሻታለሁ። ጎኗን እሞነጫጭራለሁ፣ ኮፈኗን ዝገት አለብሳለሁ፣ ፓራፋንጎዋ ሥር ጭቃ እጠቀጥቃለሁ። ሥራው ሲያምርልኝ ገና አሁን ከውድድር የገባች ትመስላለች፤ ሹፌሯ ውሃ ሊጠጣ ወረድ ያለ።

ይህንን ለአዲስ አበባ ሰው አስረድቶ መዝለቅ አይቻልም። ሞክሬ ሞክሬ ተስፋ ቆርጫለሁ። የእኛ ሰው ውሃ በፈረቃ እየመጣለት፣ ለወጥ የሚሆን ሳይቀዳ መኪናውን የሚያጥብ ሰው ነው። እናቴ አንድ ቀን ቂርቆስ የተከራየኋት ክፍል መጥታ፣ ቀይ ቀለሟ የሚያምር መኪና ላይ ጭቃ ስቀባ ስታየኝ፣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ቆማ ቀረች።

«አዲሱን ዕቃ? በገዛ እጅህ?» አለች። «ልጄ፣ የሆነ ነገር አስነክተውሃል።»

ጥበብ ነው ብላት እሺ አላለችም። ለጥበቡ ስል ያየሁትን መከራ ብታውቅማ ጭራሽ ጠበል ታስገባኝ ነበር። ዝገት ያስመስልልኛል ብዬ ሚጥሚጣ በቀለም ለውሼ፣ በዚያው ጣቴ ዓይኔን ያሸሁ ዕለት የጮህኩት ጩኸት፣ ምን ልበላችሁ፣ ጎረቤቶቼ መርዶ መስሏቸው ነጠላ አዘቅዝቀው መጥተዋል። ቀለሙ ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ልክ ዝገት ነበር።

ለዚህ ሥራ ተብሎ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ፈልጌ አላገኘሁም። ስለዚህ ብሩሽ ሲጠፋ በጥርስ ብሩሽ፣ ቀለም ሲጠፋ በጥፍር ቀለም፣ ሙጫ ማንጠባጠቢያ ሲጠፋ በሕክምና መርፌ እተካለሁ። ፋርማሲ ገብቶ «መርፌውን ብቻ፣ መድኃኒቱ ይቅርብኝ» የሚል ጎልማሳ በሰፈሩ እንዴት እንደሚታይ አልነግራችሁም። የፀጉር ስፕሬይ የሚባል ደግሞ አለ፤ ከቀለሙ ሥር ረጭተኸው በኋላ በእርጥብ ብሩሽ ስታሸው ቀለሙን እንዳረጀ ቆርቆሮ ይልጠዋል። እኔ መላጣ ነኝ። ስፕሬዩን የምትሸጥልኝ ልጅ «ለማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ «ለመኪና» አልኳት፤ ከዚያ ወዲህ ስገባ መልሱን እንኳ በሩቁ ነው የምትሰጠኝ።

ያልሳቀችብኝ ሮማን ብቻ ነች። አንድ መሥሪያ ቤት ነው የምንሠራው። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ ስለ ኳስ ሲያወራ እኔ ስለ ጭቃ ዓይነት ሳወራላት ዝም ብላ ሰማችኝና ቦርሳዋን ከፈተች። ያላለቀ የጥፍር ቀለም አውጥታ «ይኼ ለዝገት አይሆንም?» አለችኝ። በቃ፣ የዚያን ዕለት አለቀልኝ። ብዙም ሳንቆይ እንጋባ ተባባልን። የቀሩን አባቷ ነበሩ።

አባቷ ጋሽ መርዕድ ይባላሉ። ካዛንቺስ ተወልደው፣ ካዛንቺስ አግብተው፣ ሚስታቸውንም ከዚያው ግቢ አውጥተው የቀበሩ፣ ሰፈሩ ሲፈርስ ጎተራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የወጡ ሰው ናቸው። ልጃቸው አንድ ሮማን ብቻ ናት። ወጣት ሳሉ የመኪና ውድድር ይነዱ ነበር ሲባል ሰምቼ፣ ወይ መታደል፣ ከእንዲህ ያለ ሰውማ በአንድ ቀን እንግባባለን ብዬ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ!

በደንቡ መሠረት ሦስት ሽማግሌ አሰባሰብኩ። አንዱ አጎቴ ጋሽ ደምሴ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ ጫማቸው ላይ አቧራ ካዩ ንግግራቸውን አቋርጠው የሚጠርጉ። ሁለተኛው ጎረቤቴ ሐጂ ሸምሱ፣ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ፣ ውሸት ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቅ። ሦስተኛው የመሥሪያ ቤቴ አለቃ ናቸው፤ ከረባት ስለሚያስሩ ለክብደት ነው የተጨመሩት፤ አይናገሩም። አግቢው ሽምግልና ላይ አይገኝምና እኔ ከሕንፃው ሥር ካለች ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ጥፍሬን ስበላ ቆየሁ።

ላይ የሆነውን የነገረችኝ በር ሥር ቆማ የሰማችው ሮማን ናት። ሽማግሌዎቹ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። አጎቴ የእኔን መልካምነት አንድ በአንድ ዘረዘሩ። ጨዋ፣ ሥራ ያለው፣ መጠጥ የማይቀምስ፣ ለታላቁ ከወንበር የሚነሳ። ጋሽ መርዕድ በዝምታ አዳመጡና ጠየቁ፦

«መልካም። ከሥራ ሲወጣስ ምን ያደርጋል?»

አጎቴ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ጠረጉ። ሐጂ ሸምሱ መዋሸት አይችሉም አላልኳችሁም?

«መኪና ይጫወታል» አሉ።

«ይነዳል ማለትዎ ነው?»

«ኧረ የለም፣ ይጫወታል። ትንንሽ መኪኖች አሉት። ጭቃ ይቀባቸዋል።»

ጋሽ መርዕድ ሦስቱንም ተራ በተራ አዩአቸው። «ዕድሜው ስንት ነው አላችሁኝ?» አሉ። ከዚያም «እኔ ልጄን ለትዳር እንጂ ለሞግዚትነት አላሳደግኳትም» ብለው በሩን ከፈቱላቸው።

አጎቴ ከፎቁ ሲወርዱ ፊታቸው ተለዋውጦ ነበር። ሻይ ቤቷ በር ላይ ቆመው «ያንን ቆሻሻህን ሰብስበህ አቃጥለው» አሉኝና ሄዱ። ሐጂ ሸምሱ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ፤ «ምን ላድርግ ልጄ፣ ጠየቁኝ እኮ» አሉ። አለቃዬ ምንም አላሉም። ያን ሰሞን እህል አልበላ አለኝ። ሰው በስካሩ፣ በቁማሩ ይከለከላል፤ እኔ ከስልክ በማትበልጥ ፕላስቲክ ሚስት ላጣ! ወይ እኔ!

«አባዬን ያጣኸው በመኪና ነው፤ በመኪና መልሰው» አለችኝ ሮማን።

ከዚያ አንድ ፎቶ አመጣች። አንዲት ነጭ ሴይቼንቶ፣ ያቺ የድሮዋ ድንክዬ የጣሊያን መኪና። ጋሽ መርዕድ የመጨረሻ ውድድራቸውን በሷ ነድተው፣ ጭቃ በጭቃ ሆና ካዛንቺስ ግቢያቸው ገባች፤ ከዚያ ወዲያ ሞተሯ አልተነሳም። እሳቸውም አላጠቧትም። «የውድድር ጭቃ ማዕረግ ነው» ይሉ ነበር አሉ። ጓሮ ቆማ ስትኖር በጭቃው ላይ የሰፈሩ አቧራ ተደረበ፤ የሰፈር ልጆች ደግሞ የኋላ መስታወቷ ላይ በጣታቸው «እጠበኝ» ብለው ጻፉባት። እሱንም አላጠፉትም። ግቢው ሲነሳ እንግዲህ አራተኛ ፎቅ ተሸክመዋት አይወጡ! ቁራሌው ጭኖ ወሰዳት። ጋሽ መርዕድ ያን ዕለት ምሳ አልበሉም አለችኝ ሮማን፤ እራትም አልበሉም።

ያን ዕለት እኔም እዚያው ነበርኩ። ገና ሽማግሌ ሳልልክ፣ «የመሥሪያ ቤት ባልደረባ» ተብዬ ሶፋ ልሸከም ሄጄ፣ መኪናዋ ከተጫነች በኋላ ነው የደረስኩት። የእኔ ነገር፣ ሰው ሲያለቅስ እኔ ዓይኔ መኪናዋ ቆማበት የነበረው አፈር ላይ ተተከለ፦ ቀላ ያለ፣ ዘይት የጠጣ፣ እንደ ዱቄት የላመ። ሰው ሳያየኝ ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ሞላሁበት። ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም ነበር፤ ጥሩ አፈር ሳይ አላስችል ይለኛል። አሁን ግን ለምን እንደሆነ ገባኝ።

ዱባይ የሚመላለስ የጓደኛዬ ወንድም ሴይቼንቶዋን በካርቶን አመጣልኝ። ወራት ፈጀሁባት። ነጩን ቀለም ቀብቼ፣ ወደ አሮጌ ነጭ መልሼ፣ የግራ በሯን እንደ ፎቶው አጎድጉጄ፣ የውድድሩን ጭቃ ከፓራፋንጎዋ ሥር አስነሳሁ። በመጨረሻ የካዛንቺሱን አፈር በሴቶች የፊት ዱቄት ብሩሽ ነፋሁባትና የኋላ መስታወቷ ላይ ትንፋሼን ይዤ፣ በመርፌ ጫፍ «እጠበኝ» ብዬ ጻፍኩ። ጠርሙሱ አለቀ። በላዩ ቫርኒሽ ቢረጭ አቧራው ይጸና ነበር፤ ግን ቫርኒሽ የነካው አቧራ ይሞትብኛል፣ ወደ ቀለም ይለወጣል። ስለዚህ እንዲሁ ተውኩት። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ሳያት ዕንባዬ መጣ። ከሠራኋቸው ሁሉ እሷን የምታህል የለችም።

ሽማግሌዎቹን ዳግመኛ ለመንኩ። አጎቴ እግራቸው ሥር ወድቄ ነው እሺ ያሉት። እሑድ ጠዋት ካርቶኗን ሁለት እጃቸው ላይ አስቀምጬ ተማጸንኩ፦

«ጋሼ፣ በእናትዎ፣ እንዳይነኳት። ብቻ ከፍተው ይስጧቸው። ሌላው ይገባቸዋል።»

«እኔን ልታስተምረኝ ነው?» አሉ አጎቴ።

በሐጂ ሸምሱ መኪና ሄዱ። እኔ በታክሲ ቀድሜ ጎተራ ደረስኩና ያችው ሻይ ቤት ተቀመጥኩ። ቆዩ። ሻዬ ቀዘቀዘ። ሌላ አዘዝኩ፣ እሱም ቀዘቀዘ። በመጨረሻ የሐጂ ሸምሱ መኪና እያብለጨለጨች ስትመጣ ብድግ አልኩ፤ ጎማዋ ሳይቀር ጥቁር ቅባት ተቀብቷል። አጎቴ ካርቶኗን እንደ ታቦት ይዘው ወረዱ። ፈገግ ብለዋል። አጎቴ ፈገግ ሲሉ አንድ ነገር ጸድቷል ማለት ነው።

«ጋሼ፣ ምን አደረጉ?»

«ምን አደረግኩ? አተረፍኩህ እንጂ! ሐጂ መኪናቸውን ላቫጆ ሲያስገቡ ካርቶኑን ከፈት አድርጌ ባይ፣ ወይ ጉድ! ጭቃ የተለወሰ ነገር ይዤ የሰው ልጅ ልጠይቅ ኖሯል? ቤተሰባችን መሳቂያ ይሁን? ለላቫጆው ሰውዬ ሰጠሁት። በሳሙና፣ በስፖንጅ፣ አንጀት በሚያርስ አስተጣጠብ አጥቦ፣ ሽቶም ረጨበት።»

ከፈቱልኝ። ሴይቼንቶዋ ነጭ ሆናለች። ከፋብሪካ የወጣች ዕለት እንደዚያ አልነጣችም። የሎሚ ሽቶ ትሸታለች። የወራት ጭቃዬ፣ የካዛንቺስ አፈሬ፣ ዝገቴ፣ ሁሉም በላቫጆ ቱቦ ተጠራርጎ ሄዷል።

«ደግሞ ራሷ ለምናለች እኮ» አሉ አጎቴ። «ኋላዋ ላይ እጠበኝ የሚል ተጽፎባታል። በመነጽር ነው ያነበብኩት።»

«ንጹሕ ሆናለች» አሉ አለቃዬ። በሁለት ሽምግልና የተናገሩት ይህን ብቻ ነው።

ልመልሳቸው ነበር። ግን ቀና ስል ጋሽ መርዕድ በረንዳቸው ላይ ቆመው ወደ ታች ያያሉ። ሽማግሌ ከታየ አይመለስም። ወጡ። እኔ ፊቴን በእጄ ሸፍኜ ቀረሁ። የምድር ሆድ ተከፍቶ ቢውጠኝ እሺ ባይ ነበርኩ፤ ጎተራ ግን ከላይም ከታችም አስፋልት ነው።

ብዙ ሳይቆይ ሮማን ደወለች።

«አባዬ ና ይልሃል።»

«እኔን? አግቢ እኮ ሽምግልና ላይ...»

«ና ይልሃል አልኩህ!»

ገባሁ። ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ናቸው። ጋሽ መርዕድ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል፤ ሴይቼንቶዋ መዳፋቸው ላይ ናት። የጎደጎደውን በሯን በአውራ ጣታቸው ይዳስሳሉ።

«ይቺን በር የት አየሃት?» አሉኝ።

«በፎቶ፣ ጋሽ መርዕድ።»

«ጭቃዋስ?»

«ነበረ። አፈሩም የራስዎ ግቢ አፈር ነበረ። ዛሬ ጠዋት...» አልኩና አጎቴን አየሁ። አጎቴ ጣሪያውን አዩ።

ጋሽ መርዕድ መኪናዋን ጭናቸው ላይ አስቀመጧት። ከዚያ፦ «አሁን እሺም አላልኩ፣ እምቢም አላልኩ። ጭቃዋን መልስ። ጭቃው ልክ የሆነ ቀን ልጄን ትወስዳለህ። ቅዳሜ ቅዳሜ እያመጣህ አሳየኝ።»

ሽማግሌዎቹ «ተመስገን!» ብለው ተቀመጡ። አጎቴ ደረት ነፍተው «በንጽሕናችን ነው የረታነው» እያሉ ጠላ ጠጡ። እኔ ግን ጠርሙሱ ባዶ መሆኑን ስለማውቅ የቀረበልኝን ዳቦ መዋጥ አቃተኝ። የካዛንቺሱ ግቢ ዛሬ የለም። በማግሥቱ ሄጄ አየሁት፦ ንጣፍ ድንጋይ ነው፣ ከንጣፉ ወዲያ ሣር ነው፣ ከሣሩ ወዲያ ጥበቃ ነው። ጎንበስ ስል «ወንድም፣ ሣሩን!» አለኝ። ከድጡ ወደ ማጡ ይሏችኋል ይህ ነው።

እንግዲህ አፈር ፍለጋ ተጀመረ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ከለገሃር ወሰድኩላቸው። በጣታቸው ነካ አድርገው «ይኼ የባቡር ጥላሸት ነው» አሉ። ሌላ ቅዳሜ ከስታዲየም አጠገብ ወሰድኩ። «ይኼ ገና ሲያዩት የእግር ኳስ አቧራ ነው። አይ፣ አይደለም።» ከጎተራ ቁፋሮ ወሰድኩ። «ሲሚንቶ» አሉ፤ አላዩትም እንኳ፣ ከሽታው ነው ያወቁት። ሰውዬው አፈር በአፍንጫ ያውቃሉ! እኔ ጠረጴዛዬ ላይ በየብልቃጡ የአዲስ አበባን አፈር ደርድሬ፣ አንዱን ከአንዱ እየቀላቀልኩ፣ በሻይ እያራስኩ፣ በጥላሸት እያጠቆርኩ፣ እንደ ባህል ሐኪም ሆንኩ።

ክፉው የቂርቆሱ ነው። ከሰፈሬ አንድ አጥር ሥር ቀላ ያለ፣ የላመ አፈር አየሁና ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ቁጢጥ ብዬ በሻይ ማንኪያ ወደ ብልቃጥ መዛቅ ጀመርኩ። አሁን ይህን የሚያደርግ አበሻ ምን ይባላል? የሰው ደጃፍ አፈር፣ በጠዋት፣ በማንኪያ! በሩ ተከፈተ፤ አንዲት ሴትዮ ብቅ አሉ።

«ኡኡ! ኡኡ! መተተኛ! የደጃፌን አፈር!»

ሰፈሩ ወጣ። አንዱ ብልቃጤን ነጠቀኝ፣ አንዷ ጠበል ረጨችኝ፣ አንዱ እጄን ጠመዘዘ።

«ለምንህ ነው?» አሉኝ።

እውነት ያድናል ብዬ «ለሠርጌ ነው» አልኩ።

አለቀልኝ። ሴትዮዋ ደረታቸውን መቱ፤ ለካ ያላገባች ልጅ አለቻቸው። «ልጄን ሊያፈዝብኝ!» ብለው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። አላህ ይስጣቸውና ሐጂ ሸምሱ ወደ ሱቃቸው ሲሄዱ ደረሱ። ሰውን ገለጥ አድርገው አዩኝና «ተዉት፣ ተዉት፣ ምስኪን ነው። ያ መኪና የሚጫወተው ልጅ ነው» አሉ። እጄ ተለቀቀ። ሁሉም በሐዘኔታ አዩኝ። ሴትዮዋ ጭራሽ «እናት አለችው?» ብለው ጠየቁ። ቢደበድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እንዲህም ሆኖ ቅዳሜ አልቀረሁም። ጋሽ መርዕድም፣ መቼም ሳልዋሽ፣ በሩን ሳላንኳኳ ነው የሚከፍቱልኝ። ምሳ ቀርቦ ይቆየኛል፤ ራሳቸው የሠሩት፣ ጨው የበዛበት ቀይ ወጥ። ጭቃውን አይተው «አይደለም» ይሉና ለምን እንዳልሆነ ሲያስረዱኝ ይመሻል፦ የትኛው ዳገት ላይ ዝናብ እንደያዛቸው፣ የትኛው መታጠፊያ ላይ ፍሬን እንዳጡ፣ በሯን የየትኛዋ ላም ቀንድ እንደጎበኘው። ሮማን አጠገባችን ተቀምጣ በስልኳ የሠርግ አዳራሽ ታያለች።

«ጓደኞቼ መቼ ነው ይሉኛል» አለችኝ አንድ ቀን ደረጃው ላይ። «ምን ልበላቸው? ጭቃው ሲደርስ?»

«እኔ ምን ላድርግ፣ አባትሽ...»

«አንተ የመጣኸው እኔን ልትጠይቅ ነው እሱን?»

ያን ሳምንት እንደ እብድ ሠራሁ። የቂርቆሱን ከለገሃሩ፣ ከጎረቤት ጋራዥ የፈሰሰ ዘይት ጠብ አድርጌ፣ ፈጭቼ፣ በናይሎን ጨርቅ ነፍቼ። ቅዳሜ ሰጠኋቸው። ጋሽ መርዕድ መስኮት ጋ ወስደው አዩዋት። አገላበጧት። ዓይናቸው ውሃ ሞላ።

«ነው» አሉ። «እሷ ናት። በቃ፣ ሳምንት ሽማግሌዎቹን እንጠራለን። መኪናዋ እዚህ ትቆየኝ።»

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ሳምንቱን ስዘፍን ከረምኩ። ቅዳሜ ስመለስ ግን ጋሽ መርዕድ መኪናዋን አቀበሉኝ፤ «ጎኗ ሳስቷል። አልያዘም ጭቃው» አሉ። አየሁ፤ እውነት ነው። የአንድ ጎኗ ጭቃ የለም። ሙጫው ነው ብዬ ራሴን ረገምኩ። እንደገና ሠራሁ፣ «ነው» አሉ፣ ሳምንት ስመጣ ኮፈኗ ነጥቷል። ቅዝቃዜው ነው አልን። ደግሞ ሠራሁ፣ ደግሞ ሳሳ። አይጥ ጠረጠርኩ። ጭቃ የሚበላ አይጥ! ይባስ ብዬ ሮማንን ጠረጠርኩ፤ እሷም እኔን። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነ ነገሩ። አንድ ማለዳ ፊቴን ስታጠብ ከጆሮዬ ጀርባ የመጣው ጭቃ የየት ሰፈር እንደሆነ ሳስብ ራሴን አገኘሁትና፣ አበቃ፣ አበድኩ አልኩ። ትዳሩ ይቅር ልላት ወሰንኩ። የምሬን ነው። ዛሬ ሄጄ እነግራታለሁ ብዬ ከሰዓቴ ቀድሜ ወጣሁ።

አራተኛ ፎቅ ስደርስ በሩ ገርበብ ብሏል። ሮማን የለችም፤ ወደ ገበያ ወጥታለች። ከወጥ ቤቱ የውሃ ድምፅ ይሰማል። ጋሽ መርዕድ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ቧንቧው ሥር ጎንበስ ብለዋል። በአንድ እጃቸው የጥርስ ብሩሽ፣ በሌላው ሴይቼንቶዋ። ቀስ እያሉ፣ እንደ ሕፃን ገላ፣ የግራ ጎኗን ያጥባሉ። ምድጃው ላይ ወጡ ይንፈቀፈቃል። ጠረጴዛው ላይ ሳህኖች ከአሁኑ ተደርድረዋል።

በመጀመሪያ ደሜ ፈላ። ወራቴን! እንቅልፌን! ጠበል የተረጨሁት! ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ግን ያንን ቤት ዞር ብዬ አየሁት፦ ሮማን ስትወጣ የሚቀረውን። ሬዲዮው፣ ሶፋው፣ በረንዳው። ሰው ይጠራሉ እንዳይባል ጎረቤታቸውን በስም አያውቁትም። ቁጣዬ የት እንደገባ እንጃ።

ጋሽ መርዕድ ዞር አሉ። አዩኝ። አልደነገጡም፤ ብቻ የውሃውን ቧንቧ ዘጉት።

«ጭቃው» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ «ልክ አልነበረም።»

«አዎ» አልኩ። «ልክ አልነበረም።»

ወጡ ብቻ ነው የሚያወራው።

«ጋሽ መርዕድ፣ ከሠርጉ በኋላም ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ።»

«ሁሉም እንደዚያ ይላል» አሉ። «ከዚያ ሥራ ይበዛል፣ ልጅ ይመጣል፣ ታክሲ ይጠፋል።»

«እኔ ሌላ ምን ሥራ አለኝ? መኪና የምጫወት ሰው ነኝ።»

አዩኝ። ብዙ አዩኝ። ከዚያ ቧንቧውን መልሰው ከፈቱትና የጥርስ ብሩሹን ዘረጉልኝ። «ያንን ጎን አንተ እጠብ» አሉ። በሕይወቴ መኪና ሳጥብ ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ የገዛ ጭቃዬን፣ በገዛ እጄ፣ ከአማቼ ጎን ቆሜ። እያጠበ ያለቅሳል እንዳትሉ፣ ሳሙና ነው ዓይኔ የገባው።

ሮማን ዘንቢሏን ይዛ ስትገባ ሁለታችንም እስከ ክንዳችን አረፋ ነን። መኪናዋን አየች፣ አባቷን አየች፣ እኔን አየች፤ ነገሩ ገባት። ዘንቢሉን ወለሉ ላይ ለቀቀችው።

«አባዬ» አለች፣ ሳቅም ለቅሶም እየተናነቃት፣ «እንግዲያው አዳራሹን ልያዘው?»

«ያዢው» አሉ ጋሽ መርዕድ ዞር ሳይሉ። «ቅዳሜ ብቻ እንዳይሆን።»